«ግድግዳ ይበሳል» ተብላችሁ ራውተር እንዳትገዙ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ለቤት ራውተር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ አንዴ ስሙኝ። እኔ 6,500 ብር ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

እህቴ ጅዳ ናት። እናቴ ከቡና በኋላ በኢሞ ፊቷን ካላየች ቀኑ አይመሽላትም። እሷ የምትቀመጥበት የጓሮ ክፍል ግን ዋይፋይ አይደርሰውም። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ አራት አንቴና ያለው፣ ካርቶኑ ላይ 1200 የተጻፈበት ራውተር አወጣልኝ። «ይሄ ግድግዳ ይበሳል» አለኝ። አመንኩት።

አሮጌው በነበረበት ቦታ፣ ከቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገጠምኩት። ምንም ለውጥ የለም። እናቴ «ፊትሽ ለምን ይቆማል ልጄ?» እያለች ስልኩን ይዛ ወደ በሩ ትወጣለች። ያ ነው ያንገበገበኝ።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ብሎኖቹን ፈቶ ክዳኑን አነሳው። ከአራቱ አንቴናዎች ሽቦ ያላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ባዶ ፕላስቲክ! ከምንም ጋር አልተያያዙም። 1200 የሚባል ራውተር ደግሞ ዋይፋይ በሚሄድባቸው በሁለቱም ሞገዶች፣ በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም መሥራት ነበረበት። ቁጥሩ የሚመጣው 300ው ከአንዱ፣ 867ቱ ከሌላው ተደምሮና ወደ ላይ ተጠጋግቶ ነው። የእኔው 5 የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም።

ደግሞስ ትክክለኛው ቢሆን ምን ሊያደርግልኝ? የቤቴ መስመር 10 ሜጋ ነው። ራውተር የገባለትን ያካፍላል እንጂ ከራሱ ኢንተርኔት አይጨምርም። 5ቱም ፈጣን ነው እንጂ በድንጋይና በብሎኬት ግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ግድግዳ አልፎ የተሻለ የሚሄደው 2.4ቱ ነው። ይህን ያስረዳኝ ያው የጥገናው ልጅ ነው። ሻጩ አንዱንም አልነገረኝም።

ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ካርቶኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት። ከሥሩ የተለጠፈው የሞዴል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ ይሁን። መብራት ላይ አስሰኩትና 5 በሚቀበል ስልክ ፈልጉት። የቤታችሁን መስመርም ለዩ። በስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ቀጭኗ የስልክ ሶኬት ያለችው ያስፈልጋችኋል። ሌላው ለብቻው አይሠራላችሁም።

ባለ ሲም ካርዱ ራውተር ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። «ከአረብ አገር የመጣ ኦሪጅናል ነው» ይሏችኋል። ዕቃው ኦሪጅናል ሊሆን ይችላል፤ ግን እዚያ ባለው ኔትወርክ ተቆልፎ የሚመጣ አለ። የራሳችሁን ሲም ከትታችሁ ኢንተርኔት ሲከፍት በዓይናችሁ ካላያችሁ አትውሰዱ።

ደረሰኝ ላይ ሞዴሉን አስጽፉ። እኔ ደረሰኝ ሳልቀበል ወጥቼ፣ ስመለስ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። በቃ፣ አለቀ።

አሁን ምን እንደሠራልን ልንገራችሁ። አሮጌውን ራውተር ከቡፌው አውጥተን፣ ገመዱን አስረዝመን፣ ኮሪደሩ ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። የገመዱ 200 ብር እንኳ አልሞላም። እናቴ ዛሬ ከረከቦቷ ሳትነሳ እህቴን አየቻት። እናንተም መጀመሪያ ያላችሁን ከፍ አድርጋችሁ ቤቱ መሀል ላይ ሞክሩት። ካልሆነና ልትገዙ ከሄዳችሁ ደግሞ የሥሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ለጥገናው ልጅ አሳይቼ እመልስላችኋለሁ።