ኢኤልኤም 327 የብሉቱዝ መመርመሪያ፦ ከኮዱ ይልቅ ለቁጥሮቹ ይገዛ

የክብሪት ሳጥን የምታክል ሰማያዊ ፕላስቲክ ናት። ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ ትሰካና በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትገናኛለች፤ ቼክ ኢንጂን ለምን እንደበራ የሚጠቁመውን የስህተት ኮድ በስልኩ መተግበሪያ (አፕ) ላይ ታሳያለች። ሶኬቱ (ኦቢዲ 2 የሚባለው) በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ፣ አገራችን ውስጥ የሚሽከረከሩት ብዙ ቶዮታዎች አላቸው።

ስትገዙ ላይዋ ላይ የተጻፈውን ስሪት አትመኑ። የመጀመሪያውን ቺፕ የሠራው የካናዳው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ 1.5 የሚባል ስሪት አውጥቶ አያውቅም፤ ድርጅቱም በ2022 ሥራ አቁሟል። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅጂ ነው። ቅጂውም ደረጃ አለው፦ 2.1 የተጻፈባቸው ብዙዎቹ የትእዛዝ ዝርዝራቸው የተቆረጠ ስለሆነ የቆዩ መኪኖች ላይ ይንተባተባሉ። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የራሳችሁ መኪና ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። የማጣመሪያ ቁጥሩ 1234 ወይም 0000 ነው። አይፎን የያዘ ሰው ተራውን የብሉቱዝ ዓይነት እንዳይገዛ፤ ዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ 4.0 ያለው ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው ኮድ አንብቦ ዕቃ ሊገዛ በቀጥታ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ፒ0171ን እንውሰድ፤ ትርጉሙ ድብልቁ ውስጥ አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ይህን ያወቀው ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ስለሆነ ያለ ጥፋቱ ይቀየራል፤ መብራቱ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ይበራል። ከመቀየር በፊት ፊውል ትሪም የሚለውን ቁጥር እዩ፤ የመኪናው ኮምፒውተር ድብልቁን ለማስተካከል ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ የረጅም ጊዜው ከዜሮ 10 በመቶ ያህል ወደላይ ወይም ወደታች ቢል ችግር የለውም። ማፍ ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር መጠን የሚለካው) ባለው መኪና በሚኒሞ 20 በመቶ ሆኖ ጋዝ ሰጥታችሁ 2,500 ዙር ላይ ስትይዙት ወደ 5 ከወረደ፣ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው፤ ከማፉ በኋላ ያለውን ጎማ ቱቦ አጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። በተቃራኒው ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲበዛ ቁጥሩ ከጨመረ የነዳጅ ፓምፑን፣ ፊልትሮውን ወይም የቆሸሸ ማፍ ጠርጥሩ። ማፉን ለማጠብ ለእሱ የተሠራውን ስፕሬይ ተጠቀሙ፤ የካርቡራተር ማጽጃ ያበላሸዋል።

የሙቀቱ ንባብ ብቻውን ዋጋዋን ይመልሳል። ብዙ መኪኖች ላይ የዳሽቦርዱ መርፌ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ ስለተሠራ፣ ንቅንቅ ሲል ጊዜው አልፏል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ ግፊት የሌለበት ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተር ክዳኑ ከደከመና ኩላንት በሚገባበት ቦታ የቧንቧ ውኃ ካለ፣ ፋኑ ገና ሳይነሳ ውኃው መፍላት ሊጀምር ይችላል። ስልኩ ላይ ቁጥሩ 95ን አልፎ ሲወጣ እያያችሁ ፋኑ ዝም ካለ ወዲያው አቁሙ።

ማፕ ሴንሰር (የሞተሩን የአየር መግቢያ ግፊት የሚለካው) ላላቸው መኪኖች አንድ ቀላል ፈተና አለ። ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ አንብቡ። አዲስ አበባ ላይ ከ76 እስከ 77 ኪሎፓስካል፣ ድሬዳዋ ላይ 88 አካባቢ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ቆማችሁ 101 ካሳያችሁ ሴንሰሩ እየዋሸ ነው፤ የመማሪያ ጽሑፎቹ የሚጠቅሱት 101 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛም ትረዳለች። «ኮድ ከጠፋ በኋላ የተነዳ ርቀት» የሚለውን ክፈቱ። 8 ኪሎ ሜትር ካለና መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ካሉ፣ ሻጩ ጠዋት መብራቱን አጥፍቷል ወይም ባትሪ ነቅሏል። መልሱ ምንም ይሁን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ሳይታይ አትፈርሙ።

አቅሟ ግን ውስን ነው። ለሁሉም መኪና በተዘጋጀ ተራ መተግበሪያ ኤቢኤስን (የፍሬኑን ሥርዓት) እና ኤርባግን አታነብም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ ቪትዞች ሶኬቱ እያላቸው ቋንቋው አይገባትም፤ መተግበሪያው ላይ ልዩ የማስጀመሪያ ትእዛዝ መጻፍ ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ መኪናም እንዲሁ ነው፦ የባትሪ ሴሎችን ንባብ አምራቹ በራሱ መንገድ ስለሚያስቀምጠው፣ ለዚያ ሞዴል የተዘጋጀ መተግበሪያ ከሌለ የምታሳየው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስትጨርሱ ንቀሏት። የሶኬቱ 16ኛ ፒን መኪናው ጠፍቶም ኃይል አለው። 40 ሚሊአምፔር ብቻ ብትስብ እንኳ በ2 ሳምንት 13 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ላረጀ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህ ጠዋት ገፍቶ ማስነሳት ነው።