አንዱ ቻናል ዝም ሲል ምን ይገዛ? አይሲ፣ ትራንዚስተር ወይስ ያለቀለት ቦርድ

ቤት ውስጥ የተሠራ አምፕሊፋየር ቀኙ እየዘፈነ ግራው ዝም ካለ፣ ብዙ ሰው ጅማ ሄርማታ መርካቶ ሮጦ አይሲ (ድምፁን የሚያጎላውን ባለብዙ እግር ቺፕ) ይገዛል። ግማሹ ግዢ ከንቱ ነው። መጀመሪያ የግራና የቀኙን የመግቢያ ገመድ አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ቀኝ ከተሻገረ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከስልኩ ጃክ ነው፣ አይሲ አይገዛም። ባለበት ከቀረ ስፒከሮቹን አቀያይሩ፤ ዝምታው ከስፒከሩ ጋር ከሄደ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው። ቮልዩሙን ስታዞሩ እየተንኮሻኮሸ የሚመጣና የሚጠፋ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ቮልዩሙን ቀይሩ፤ የጅማ ዝናብና እርጥበት ለቮልዩም አይራራም።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ስፒከሩን ንቀሉ፤ በ220 ቮልቱ መስመር ላይ በሲሪየስ (ኃይሉ በአምፖሉ በኩል አልፎ እንዲገባ) 60 ወይም 100 ዋት ባለ ክር አምፖል አስገቡ (ኤልኢዲ አይሆንም)። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደኅና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ። ከዚያ ቴስተሩን (መልቲሜትሩን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የሞተውን ቻናል መውጫ ከግራውንድ ጋር ለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ መውጫው ጤነኛ ነው። 20 ወይም 30 ቮልት ካነበበ አይሲው ወይም ትራንዚስተሩ ተበስቷል (ውስጡ ሾርት ሆኗል)፤ ስፒከር ብትሰኩበት ጥቅልሉ ይነዳል። ቦርዱን በእጅ ከመንካታችሁ በፊት ኃይሉን አጥፉ፤ ትልልቆቹን ካፓሲተሮች በ1 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አራግፉ።

መውጫው ዜሮ ሆኖ ዝም ያለ ቲዲኤ 7294 የሚባል አይሲ ላይ ግን ቶሎ አትፍረዱ። የአይሲው 9ኛና 10ኛ እግሮች ስታንድባይ (አይሲውን ማንቂያ) እና ሚውት (ድምፅ መዝጊያ) ናቸው፤ እንዲዘፍን ሁለቱም ከ3.5 ቮልት በላይ ማግኘት አለባቸው። እዚያ 1 ቮልት ካነበባችሁ የተበላሸው ከእግሮቹ ጋር የተያያዘው ትንሽ ካፓሲተር ወይም ሬዚስተር ነው፤ የሳንቲም ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ወሳኙ ትራንስፎርመራችሁ ነው።

ሁለት ጊዜ 12 ቮልት ያለው ትራንስፎርመር ወደ ዲሲ ከተቀየረ በኋላ በየወገኑ (በፖዘቲቩም በኔጌቲቩም) 16 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ቲዲኤ 2030 የሚባለው አይሲ ጣሪያው በየወገኑ 18 ቮልት ነው። ሌሊት ጭነት ሲቀንስና መብራቱ ከፍ ሲል ከዚያ ጣሪያ ሊያልፍ ስለሚችል አይሲው ያለምክንያት የሞተ ይመስላል። ኤ የተጨመረበት 2030 እስከ 22 ይችላል፤ ቲዲኤ 2050 እስከ 25። የእግሮቻቸው አቀማመጥ አንድ ነው፤ ስለዚህ በ2030 ፋንታ 2050 አስገቡ፣ ምርጫው ይህን ያህል ቀላል ነው። ሁለት ጊዜ 24 ቮልት ያለው ትራንስፎርመር 33 ገደማ ይሰጣል፤ ለዚህ 7294 ነው፣ ጣሪያው 40። ግን ስፒከሩን ተመልከቱ፤ በ35 ቮልት ለ8 ኦም ጥሩ ነው፤ ለ4 ኦም 27 ቮልት ይበቃዋል። በ35 ቮልት 4 ኦም የሚጭን ሰው ክረምቱን ሙሉ አይሲ ሲገዛ ይከርማል። ኤልኤም 3886 ጥሩ አይሲ ነው፤ እግሩ ከእነዚህ ጋር ስለማይገጥም ግን ቦርድ ካልቀየራችሁ አትግዙት።

የ2030ም የ7294ም ጀርባ ያለው ብረት ከኔጌቲቩ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። በአይሲውና በሂትሲንኩ (በማቀዝቀዣው ብረት) መካከል ኤሌክትሪክ የሚከለክለው ስስ ሚካና የፕላስቲክ ዋሸሩ ከሌሉ፣ ሂትሲንኩ ቻሲውን (የሳጥኑን ብረት) በነካ ቅጽበት አይሲው ይቃጠላል። ስታስሩ በአይሲው ብረትና በሂትሲንኩ መካከል ቴስተሩ ዝም ማለት አለበት፤ ከጮኸ ፈትታችሁ እንደገና እሰሩ። መውጫው አጠገብ የከሰለ ትንሽ ሬዚስተር ካያችሁም ከጎኑ ካለው ካፓሲተር ጋር አብራችሁ ቀይሩ፤ አሮጌው አይሲ ሲንቀጠቀጥ እንደነበር ምልክት ነው፣ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል።

ሲ 5200 እና ኤ 1943 ትራንዚስተሮች ለትልቅ ድምፅ ናቸው፤ 230 ቮልትና 15 አምፔር ይችላሉ። አንዱ ሲሞት ግን ድራይቨሩንና (ከፊቱ ሆኖ የሚነዳውን ትንሽ ትራንዚስተር) በኤሚተር እግሩ ላይ ያለውን 0.22 ኦም ሬዚስተር ይዞ ይሄዳል። የሞተውን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ጥንዱን፣ ድራይቨሮቹንና ሬዚስተሮቹን አንድ ላይ ግዙ። ባያሱን (ሙዚቃ ሳይኖር በትራንዚስተሮቹ የሚያልፈውን ጅረት) ስታስተካክሉ በ0.22 ኦሙ ላይ 5.5 ሚሊቮልት ማለት 25 ሚሊአምፔር ነው፤ ከዚያ ጀምሩ። ቴስተር የሌለው ሰው ይህን መንገድ ይተወው። ፎርጅዱም የበዛው እዚህ ነው፤ በላዩ ያለውን ጽሑፍ በአሴቶን በራሰ ጥጥ ስታሹት ከለቀቀ አትውሰዱ።

ቲፒኤ 3116 የሚባል ቺፕ ያለበት ያለቀለት ክላስ ዲ (በፍጥነት እያበራና እያጠፋ የሚሠራ) ቦርድ ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ባለ አንድ ኃይል ይሠራል፤ በ21 ቮልት ለ4 ኦም በየቻናሉ 50 ዋት ይሰጣል። በ12 ቮልት ባትሪ 15 ዋት አካባቢ ይደርሳል፤ መብራት ለሚጠፋበት ቤት ከዚህ የተሻለ የለም። የድሮውን ትራንስፎርመር ግን አትሰኩበት፤ 24 ቮልት፣ 5 አምፔር አዳፕተር ግዙ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ፦ የዚህ ቦርድ የስፒከር ኔጌቲቭ ግራውንድ አይደለም። የሁለቱ ስፒከሮች ኔጌቲቭ በአንድ ገመድ በተጋራበት አሮጌ ሳጥን ላይ ከገጠማችሁት ቺፑን ልታጡት ትችላላችሁ። ሁለቱም ቻናሎች በአንድ ቺፕ ስለሆኑ አንዱ ሲሞት ቦርዱን ሙሉ ትቀይራላችሁ፤ ለጥገና አይመችም።

የጅማ አናጺ የሚሠራው የእንጨት ሳጥን ያምራል፤ አየር ከሌለው ግን ምጣድ ነው። ቻናሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠፍቶ ሲበርድ የሚመለስ ከሆነ 7294 ራሱን እያዳነ ነው፤ 145 ዲግሪ ላይ ዝም ይላል፣ 150 ላይ ጭራሽ ያጠፋል። ያን ጊዜ የሚገዛው ሰፊ ሂትሲንክ ነው፤ ከጀርባውም ሁለት ቀዳዳ አስበሱ።

ሱቅ ስትሄዱ የሞተውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለት ሁለት ግዙ፤ ሚካ አትርሱ። አዲሱን ስታስገቡ አምፖሉ መስመር ላይ ይቆይ፤ መውጫው ከ50 ሚሊቮልት በታች መሆኑን ካያችሁ በኋላ መጀመሪያ የምትሰኩት ብትጥሉት የማይቆጫችሁ ስፒከር ይሁን።