14 ወር በማግኒዚየም ቸርኬ፦ ዋጋው፣ ጣጣው፣ ደስታው

የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ፣ "ያዋጣል ወይ?" ስለሆነ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አያዋጣም። እኔ ግን አልሸጠውም።

መኪናዬ የ1960ዎቹ ስፖርት መኪና የኮብራ 427 ቅጂ ነች። ኦሪጅናሏ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ስለምትጠራ እንደኔ ያለው ሰው የሚደርሰው ፋይበርግላስ የለበሰችው ላይ ነው። የ1965ቶቹ የውድድር ኮብራዎች የሚያደርጉት ቸርኬ የሃሊብራንድ ማግኒዚየም ነበር። ቴድ ሃሊብራንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለኢንዲያናፖሊስ የውድድር መኪኖች እንዲህ ያለ ቸርኬ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ ያማረ ቸርኬ ሲያዩ "ማግ" የሚሉት ከማግኒዚየም ዘመን የቀረ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው አሉሚኒየም ቢሆንም። የኔም አሉሚኒየም ነበር። አራቱን በ2,400 ዶላር ገዝቼ ሁለት ዓመት ነዳሁበት፣ ምንም አላጎደለብኝም። አመል ነው እንጂ ወደ ማግኒዚየም ለመዞር ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሰባት ባለመኪኖች ተዋጥተን አሠራነው። አንዱ አሮጌ ቸርኬ ስለነበረው "እሱን አሸዋ ላይ አትሞ ማፍሰስ ነው" ብለን ነበር። አይሆንም። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ከአሮጌው የተቀዳው አንሶ ይወጣል። ስለዚህ ትንሽ የተለቀ የእንጨት ሞዴል እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ያውም ሁለት፦ የፊቱ ስፋት 7.5 ኢንች፣ የኋላው 9.5 ኢንች ነው። ሁለቱ ሞዴሎች 9,000 ዶላር በሉ፤ የኔ ድርሻ 1,286 ሆነ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቸርኬ ማፍሰሻ 780፣ ብረቱን የሚያጠነክር የሙቀት ሕክምናና ውስጡን የሚያሳይ ራጅ 210፣ ማሽን ቤት 450፣ ሽፋንና ቀለም 140። ለአራቱ 6,320። ጠቅላላ 7,606 ዶላር። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በስልክ ሲሰማ "ባጃጅ ገዝተህ ብታሰማራበት ምናለ?" አለኝ። እውነቱን ነው።

የሚገርመው ከዚህ ሁሉ ውስጥ የብረቱ ዋጋ ትንሿ ነች። ገንዘቡን የሚበላው ዙሪያው ነው። የቀለጠ ማግኒዚየም አየር ካገኘ ይያያዛል፣ ስለዚህ ላዩ ላይ ጋዝ እየተነፋ ነው የሚቀልጠው። ለዓመታት የተለመደው ጋዝ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ከባቢ አየርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 23,500 ጊዜ ይብሳል። እሱን ለመተካት ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ወጪ። ሽፋኑም እንደዚያው፤ ድሮ የሚነከርበት ክሮሜት የሚባል ኬሚካል ካንሰር የሚያመጣ ነው። ማሽን ቤት ስሄድ ደግሞ የመጀመሪያው ሰውዬ ማግኒዚየም የሚለውን ቃል ሲሰማ ገና ቸርኬውን ሳያይ ራሱን ነቀነቀ። ፍቅፋቂው ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ልዩ ማጥፊያ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ቤት ነው እሺ ያለን።

"መንገድ ላይ አይቃጠልም?" ለሚሉኝ፦ ሙሉው ቸርኬ በክብሪት የሚያያዝ ነገር አይደለም፣ ወደ 650 ዲግሪ ወደሚቀልጥበት መጠጋት አለበት። ከባድ ቃጠሎ ውስጥ ከገባ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በ1955 ፈረንሳይ ውስጥ በለ ማን ውድድር ላይ ተከስክሳ የተቃጠለችው መርሴዲስ ቦዲዋ የማግኒዚየም ቅይጥ ነበር።

አሁን ወደ ጥሩው ልምጣ። የፊቱ አሉሚኒየም 9.3 ኪሎ ነበር፣ ማግኒዚየሙ 6.3። የኋላው ከ11 ወደ 7.4 ወረደ። በአራቱ 13 ኪሎ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው፤ እዚህ አሜሪካ ከሱቅ የምንገዛት ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢትና ትንሽ ጭማሪ። ጎማ ላስገጥም ስዞር ሁለት ቤት "አንነካም" አሉኝ። ሦስተኛው ቤት ያገኘሁት ጎሚስታ የኛ ልጅ ነው። የፊቱን በአንድ እጁ ብድግ አደረገና "ጋሼ፣ ይሄ ፕላስቲክ ነው እንዴ?" አለኝ። ለዚያች ደቂቃ ብቻ አንድ ሺህ ዶላሩን ይቅር ብየዋለሁ።

ጎማዎቹን ከአሉሚኒየሙ ላይ አውልቄ ነው ያዛወርኩት፣ ስለዚህ ለውጡ የጎማ አይደለም። በተጣፈ አስፋልት ላይ ድሮ ከኋላ የሚመጣው ድብድብታ ቀንሷል፣ ጎማው ጉብታውን ወጥቶ ቶሎ መሬት ይይዛል፤ መሪውም ሲጠመዘዝ ትንሽ ቀልሏል። ጥሩ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ብቀመጥ የምለየው አይመስለኝም። ከተሳፋሪው ወንበር ማለቴ ነው።

ጣጣው በሁለተኛው ወር ጀመረ። የቀኝ የኋላው በሳምንት 5 ፒኤስአይ አየር ይጥላል። ቫልቩን ጠረጠርኩ፣ ቀየርኩት፣ ያው ነው። አንድ ቅዳሜ ሳሙና በጥብጬ ዙሪያውን ቀባሁትና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከእግሩ ሥር፣ ቸርኬው ከሚወፍርበት ጋ፣ እንደ ጠላ አረፋ ደቃቅ ነገር ይወጣል። ብረቱ ራሱ ነው የሚተነፍሰው። አሸዋ ላይ የፈሰሰ ማግኒዚየም ዓይን የማያየው ቀዳዳ አያጣውም፣ ድሮ ብዙዎች ካላማዳሪ የሚያስገቡበትም ለዚህ ነው። እኔ በ95 ዶላር ሙጫ መሳይ ነገር በቫኩም አስጠጥቼ አስደፈንኩት። ከዚያ ወዲህ ደህና ነው።

የባሰው ግን ጨው ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። የካቲት ላይ ፀሐይ ወጣ ብዬ አንድ ቀን ነዳኋት። መንገዱ ደረቅ ነበር፣ ዳርና ዳሩ ብቻ ነጭ ነጭ ይላል። ሳላጥባት አሳደርኩ፣ ማሳደር ሁለት ሳምንት ሆነ። የመኪናዋን መሸፈኛ ስገልጥ የባላንስ ክብደቷ ሥር ቀለሙ ውሃ እንደቋጠረ ቁስል አብጧል። በጥፍሬ ስነካው ተቀደደና ከውስጡ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ፈሰሰ። ሥሩ ምስር የምታክል ጉድጓድ። ጨዋማ ውሃ በማግኒዚየምና በሌላ ብረት መሃል ሲገባ ባትሪ ይሆናል፣ የሚበላው ደግሞ ሁልጊዜ ማግኒዚየሙ ነው። የቤታችሁ የሙቅ ውሃ ታንክ ውስጥ የምትገባዋ ዘንግ ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም ነች፤ የገባችውም ታንኩን አድና እሷ እንድትበላ ነው። እኔ ያንን ነገር ነው በ7,606 ዶላር ጎማ ውስጥ የከተትኩት። ጠርጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ኢፖክሲ ፕራይመር ደርቤበታለሁ፣ እስካሁን አልተመለሰም።

አሁን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አሉሚኒየሙ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ማግኒዚየሙ። ጋራዡ ውስጥ ሁሌ አራት ትርፍ ቸርኬ አለ፣ ባለቤቴ ስለዚህ ያላትን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም። በዓመት አንዴ ቀለም እየነከሩ ስንጥቅ ማስፈተሽም አለ፤ ለአራቱ 160 ከፈልኩ፣ ንጹሕ ናቸው።

ያልተፈታው መለዋወጫ ነው። ማቅለጫ ቤቱ ከስምንት በታች አያፈስም፣ ከሰባታችን ደግሞ ትርፍ ያዘዘ የለም። አንዷን ከድንጋይ ጋር ካጋጨኋት ሰባት ሰው ፈልጌ እስካገኝ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ስቆም ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ራቅ ብዬ ነው። በጣም ራቅክ ተብዬ አንዴ 50 ዶላር ተቀጥቻለሁ፣ ሳልከራከር ከፈልኩ።