የድሮ ዚግዛግ ስፌት መኪና በእግር፦ ክረምቱን ካሳለፍኩበት በኋላ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ልብስ እሰፋለሁ። መብራት እዚህ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ መኪናዬን ያየ ሁሉ «ለመብራቱ ብለሽ ነው አይደል?» ይለኛል። አዎ፣ የጀመርኩት ለዚያ ነው። አሁን ግን መብራት እያለም የምሰፋው በእግሬ ነው።

የመኪናው ራስ፣ ማለትም ላይ ያለው የሚሰፋው ክፍል፣ የጀርመኑ ፋፍ 130 ነው፣ ካይዘርስላውተርን የተሠራ። ሁለመናው ብረት ስለሆነ ብቻዬን አላነሳውም። ስገዛው ከጀርባው ሞተር ነበረው። እሱን መፍታት የአንድ ሁለት ብሎን ጉዳይ ነው። ያስቸገረን ጠረጴዛው ነው። ጠረጴዛው ከነመርገጫ እግሩ የሲንጀር ነው፣ ከምናለሽ ተራ የተገኘ። ፋፉ አልገባ ሲል አናጢ ጠርዙን ትንሽ ላገው። ታች ያለውን ትልቅ ጎማ ከራሱ የእጅ ጎማ ጋር የሚያገናኘው የቆዳ ቺንጋ የሚያልፍበትን ቀዳዳም አሰፋው። ቀዳዳው ቺንጋው ከሚቀመጥበት የእጅ ጎማው ቦይ ጋር ካልተገጣጠመ ቆዳው እንጨት እየፋቀ ያልቃል።

ቀጥ ባለ ስፌት ከተራው ጥቁር ሲንጀር ብዙም አይለይም። ወሬው ያለው ዚግዛጉ ላይ ነው። በሞተር የቁልፍ ቀዳዳ ስሠራ ጫፉ ላይ ሁሌ አንድ ሁለት ስፌት ያመልጠኝ ነበር፤ ፔዳሉን ገና ነካ ሲያደርጉት ይዘላል። በእግር ግን መርፌዋን እያየሁ ነው፦ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ የፈለግኩበት ላይ ቀጥ። የዩኒፎርም ሸሚዝ ሲበዛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የቲሸርት ጨርቅ ላይም ጠባቡ ዚግዛግ አብሮ ስለሚለጠጥ ክሩ ቶሎ አይበጠስም።

ፍጥነት ግን አትጠብቁ። የእጅ ጎማው ቦይ ዙሪያው በሰፋ ቁጥር በአንድ ርግጫ የሚገኘው ስፌት ያንሳል። እኔ ጋ አራት ገደማ ነው። የመጋረጃ ዙሪያ መዘምዘም ሲመጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሞተር ይናፍቀኛል። ዘይት ሲያጥረው ደግሞ መጀመሪያ የሚያውቀው ጉልበታችሁ ነው።

ክረምት ላይ ቺንጋው አመሉን አወጣ። ቆዳ እርጥበት ሲያገኘው ይለጠጣል። ታች ያለው ትልቁ ጎማ ይዞራል፣ መርፌዋ ቆማ ታያችኋለች። የሽቦ ማያያዣውን በፒንሳ ከፍቼ፣ ከቆዳው ጫፍ ትንሽ ቆርጬ፣ በወስፌ በስቼ መልሼ እጨብጠዋለሁ። ብዙ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ መርገጫው ይከብዳል። አንድ ነገር ደግሞ፦ የእጅ ጎማው መዞር ያለበት ወደ ሰፊው ነው። ያልለመደ ሰው ተቀምጦ ወደ ኋላ ከረገጠው ክሩን አጠላልፎ ነው የሚነሳው።

መግዛት ላሰባችሁ፣ ሁሉም ዚግዛግ ለእግር አይሆንም። መጀመሪያ የእጅ ጎማው ላይ የቺንጋ ቦይ መኖሩን እዩ። ሲንጀር 401ን የሚነዳው ከውስጥ የተቀበረ ሞተር በጥርስ ነው፣ ስለዚህ ለእግር አይሆንም፤ ውበቱ አያታላችሁ። ሲንጀር 306 ደግሞ የሚፈልገው 206×13 የሚባለውን መርፌ ነው፤ ተራው የቤት መኪና መርፌ አይሆነውም። ፋፍ 130 ግን አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነውን ተራ መርፌ ይቀበላል።

ሻጩ ፊት የዚግዛግ ማንሻውን ከዳር እስከ ዳር ገፉት። በደረቀ ዘይት ተጣብቆ ከሆነ አትደንግጡ፣ በነጭ ጋዝና በትዕግሥት ይለቃል። ፋፍ ከሆነ ደግሞ የላይኛውን ዘንግ ከታችኛው የሚያገናኝ ጥርሳም ቺንጋ ውስጡ አለ። እሱ ከተበላ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት።