«ሽቦሽ ነው» ቢሏችሁ አትመኑ፦ ቢኤምፒ280 በቢኤምኢ280 ስም እየተሸጠ ነው

ለራስፕቤሪ ፓይ (ለትንሿ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር) የእርጥበት ሴንሰር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ገንዘቤንም፣ ሦስት ሳምንቴንም፣ የእናቴን እንቁላልም ከስሬያለሁ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ትኖራለች። የሐበሻ ዶሮ ታረባለች። ባለፈው «እስቲ አንቺ ተምረሻል፣ መፈልፈያ ማሽን ሥሪልኝ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። የእንጨት ሳጥን፣ ሁለት አምፖል፣ ትንሽ ፋን፣ ቤት ተቀምጦ የነበረ ራስፕቤሪ ፓይ። የጎደለኝ ሴንሰር ብቻ ነበር።

እንቁላል ለ21 ቀናት 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። ግን ሙቀት ብቻውን አይበቃም። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከ65 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። አየሩ ከደረቀ የእንቁላሉ የውስጥ ሽፋን ይደርቅና ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል። ቅርፊቱን ይበሳል፣ መውጣት ግን ያቅተዋል። ስለዚህ እርጥበት የሚለካው ቢኤምኢ280 ያስፈልገኝ ነበር።

አሁን ይህን ልዩነት ያዙልኝ። ሁለቱንም የሚሠራው ቦሽ ነው። ቢኤምኢ280 ሙቀት፣ የአየር ግፊትና እርጥበት ይለካል። ቢኤምፒ280 ሙቀትና ግፊት ብቻ ነው የሚለካው፤ እርጥበት የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው። ዋጋው ግን በጣም ይራራቃል። እኔ በቢኤምኢ ዋጋ 1,450 ብር ከፈልኩ። በኋላ ስጠይቅ ያ በእጄ ያለው ዕቃ ሌላ ቦታ 500 ብር አይሞላም። ይባስ ብሎ ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ትንሽ ሰሌዳ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። የታተመበትም ጽሑፍ ሁለቱንም ስም የያዘ ነው። ሰሌዳውን አይታችሁ ምንም አታውቁም።

የገዛሁት አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። አገናኘሁት። ሙቀቱ ትክክል፣ ግፊቱ ትክክል፣ እርጥበቱ ዜሮ። ፎቶ አንስቼ ለባለሱቁ ላክሁለት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «እህቴ፣ ሽቦሽን በትክክል አላገናኘሽም። ዕቃው ኦርጅናል ነው።»

አመንኩት። ጃምፐሮቹን (ማገናኛ ሽቦዎቹን) በሙሉ ቀየርኩ። ፒኖቹን እንደገና በስታኞ በየድኩ። ሚሞሪ ካርዱን አጥፍቼ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ቁጭ ብዬ ያደርኩበት ቀን አለ። እርጥበቱ አሁንም ዜሮ። እንቁላሉ ደግሞ አይጠብቅም። ከሳምንት በላይ ከቆየ የመፈልፈል አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። እናቴ የሰበሰበቻቸውን 40 እንቁላሎች ውሃ በሳህን አስቀምጬ በግምት አስገባኋቸው።

ስድስት ጫጩት ወጣ። ብዙዎቹ ቅርፊቱን በስተው እዚያው ቀርተዋል። እናቴ «እግዜር ያላለው ነው፣ ተይው» አለችኝ። እኔ ግን ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ የነበረው ነገር ይኸው። ይህ ሴንሰር ከፓዩ ጋር የሚያወራው አይቱሲ በሚባለው መንገድ ነው። ዳታው የሚሄድበት ኤስዲኤ ፒን 3 ላይ፣ የሰዓት ምልክቱ የሚሄድበት ኤስሲኤል ፒን 5 ላይ፣ 3.3 ቮልት ከፒን 1፣ ግራውንድ ከፒን 9። ፓዩ ላይ አይቱሲ ዲቴክት የምትባለውን ትእዛዝ ስትሰጡ በመስመሩ ላይ ያለውን ዕቃ አድራሻ ያሳያል። 76 ወይም 77 ከታየ ሴንሰሩ መልስ ሰጥቷል ማለት ነው። መልስ ለመስጠት ደግሞ አራቱም ሽቦ በትክክል መግባት አለበት። ሙቀቱም፣ ግፊቱም፣ እርጥበቱም የሚመጡት በዚያው በአንድ ሽቦ ነው። ሽቦ ሁለቱን አሳልፎ እርጥበቱን መርጦ አያስቀርም! ሙቀቱ በትክክል እየመጣ «ሽቦሽ ነው» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው።

ቀጥሎ ሴንሰሩን ራሱን ስሙን ጠይቁት። ዲ0 የሚባል ሬጅስተር፣ ማለትም የራሱን መለያ ቁጥር የሚይዝበት ቦታ አለው። አይቱሲ ጌት በሚባለው ትእዛዝ አንብቡት። 60 ካለ ቢኤምኢ ነው። 58 ካለ ቢኤምፒ ነው። ቁጥሮቹን የሰጠው አምራቹ ነው፣ ሻጭ አይከራከርባቸውም። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የእኔው 58 አለ። ሦስት ሳምንት ሽቦ ስቀይር የነበረው ለዚህ ነው።

ፓይ በእጃችሁ ከሌለ በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ብረቱን ክዳን እዩት። ቢኤምኢ ካሬ ነው፣ 2.5 በ2.5 ሚሊ ሜትር። ቢኤምፒ ጠበብ ያለ አራት ማዕዘን ነው፣ 2 በ2.5።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የራሳችን የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ምንም አድራሻ ካልታየ ሻጩን ከመክሰሳችሁ በፊት አይቱሲ በሴቲንግ መከፈቱን፣ ኤስዲኤና ኤስሲኤል አለመቀያየራቸውን እዩ። ፒኖቹንም እዩ። ብዙ ሰው ሳይበየድ ሰክቶ ብቻ ይሞክራል፣ እንደዚያ አይሠራም። የፓዩ ፒኖች ደግሞ ከ3.3 ቮልት በላይ ሲግናል አይችሉም። 5 ቮልት ከላካችሁበት የሚቃጠለው ፓዩ ነው።

ከዚያው ሱቅ የብረት ቱቦ ውስጥ ያለ፣ ውሃ የማይገባው ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰርም ገዝቼ ነበር። እሱም ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም። ኦርጅናሉ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 85 ዲግሪ ድረስ ስህተቱ ከግማሽ ዲግሪ አያልፍም። የእኔው ከሌላኛው ሴንሰር በሁለት ዲግሪ ይበልጥ ነበር። የትኛው እንደሚዋሽ ያወቅሁት በሰው ትኩሳት መለኪያ ነው። 37.5 እሱ የሚያነበው ሙቀት ስለሆነ ለመፈልፈያ ጥሩ ዳኛ ነው። ደግነቱ እንቁላሉን ከማስገባቴ በፊት ነቃሁበት።

ይህን ቤት ውስጥ መፈተን ቀላል ነው። በረዶ ፈጭታችሁ ጥቂት ውሃ ጨምሩበት፣ እያማሰላችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለበት። የእኔው 2.3 አለ። በፈላ ውሃ «100 ማሳየት አለበት» ብላችሁ ግን አትፈትኑ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ደህናውን ሴንሰር ትጥላላችሁ።

ዲኤስ18ቢ20 ሁልጊዜ 85 ካሳያችሁ ይህ የሽቦ ወይም የኃይል ችግር ነው። 85 ገና ሳይለካ፣ ሲነሳ የሚይዘው ቁጥር ነው። ፓዩ የሚያሳየው የሴንሰሩ መለያ ቁጥር በ28 ፋንታ በ00 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ በዳታውና በ3.3 ቮልቱ መካከል የሚገባው 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎድሏል ወይም አልያዘም። መለያው ራሱም ይናገራል። የኦርጅናሉ ከ28 ቀጥሎ በአራት ዜሮ ይጀምራል። ፎርጅዶቹም ይህን ሊያስመስሉ ስለሚችሉ ዜሮ ስላያችሁ ብቻ አትተማመኑ። ዜሮ ከሌለው ግን ተጠራጠሩ።

58ቱን አንስቼ ለባለሱቁ ስልክለት «ሰሌዳው ላይ ተጽፏል እኮ» አለኝ። ቀጥዬ ስጽፍለት «ያለ ደረሰኝ አንመልስም» አለ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር። እናንተ ተቀበሉ። ደረሰኙ ላይ «ሴንሰር» ተብሎ ብቻ ሳይሆን «ቢኤምኢ280» ተብሎ ሙሉ ስሙ ይጻፍላችሁ። ከቻላችሁ ፓያችሁን በፓወር ባንክ ይዛችሁ ሱቁ ውስጥ ፈትኑት። በዴሊቨሪ ከሆነ ዲ0 አንብቦ ፎቶውን እንዲልክላችሁ ሻጩን ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ጋ ሂዱ።

ሁለተኛውን ሴንሰር የገዛሁት እንደዚህ ነው። ባለሱቁ ልጅ ሳይከፋው ጠረጴዛውን ለቆልኝ ቆመ። 60 የሚለውን ሳይ ነው የከፈልኩት። እናቴ እንደገና 40 እንቁላል ሰበሰበች። ዛሬ 11ኛ ቀናቸው ነው፣ እርጥበቱ 53 በመቶ ይላል።