የግድግዳ አትክልት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ጀሪካኖቻችሁን ቁጠሩ

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው በረንዳዬ አንድ ሰው ልብስ ሲያሰጣ ሌላው በር ላይ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት ዓይነት ናት። መሬት የለኝም፤ ግድግዳ ግን አለኝ። በዚህ ስሌት ከአራት ዓመት በፊት ሃያ ኪስ ያለው የጨርቅ ማንጠልጠያ ገዝቼ ሰላጣ፣ ቆስጣና በሶብላ ተከልኩበት። ለሦስት ሳምንት የእንግዳ ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። በአራተኛው ሳምንት ውሃ ከፈረቃው ሁለት ቀን ዘገየ። ለመጠጥና ለወጥ ካጠራቀምኳት ላይ ለቆስጣ ማካፈል ልቤ አልፈቀደም። ሐሙስ ማታ አንገቱን የደፋው ሰላጣ ቅዳሜ ጠዋት ስነካው እንደ ድርቆሽ ተንኮሻኮሸ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓይነት የግድግዳ አትክልት አዘጋጅቼ ሞክሬያለሁ። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በከተማው ስለ ጓሮ አትክልት የማያወራ ሰው የለምና፣ ብዙ ወዳጆቼ «የቱን ልግዛ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «ቤታችሁ ውሃ በስንት ቀን ይመጣል?» እላቸዋለሁ። ጥያቄውን የሸሸሁ ይመስላቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠላ ቅጠል ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ በበጋ፣ ፀሐይና ነፋስ ባለበት በረንዳ፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይጠጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለእሱ ብቻ ቢመደብ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ነው የሚያቆየው። ስለዚህ ስትገዙ መመዘን ያለባችሁ ውበቱን ሳይሆን አንዱ ተክል ስንት ሊትር አፈር እንደሚደርሰው ነው። አፈሩ የተክሉ ጀሪካን ነው። ሁለት ሊትር አፈር ውስጥ የተተከለ ሰላጣ ሳይጠጣ የሚቆየው ሁለት ቀን ገደማ ነው፤ አራት ሊትር ተኩል ውስጥ ያለው ግን አራት ቀን ይታገሳል።

ሁለተኛው ነገር ግድግዳው ወዴት እንደሚያይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ወገን ትቀያይራለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ፀሐይ የሚያገኘው ባብዛኛው ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት ወቅት ነው፤ እዚያ ናና ብትተክሉ ይበቃችኋል። ወደ ደቡብ የሚያየው ደግሞ በጥርና በየካቲት ይጠበሳል፤ ውሃውን እጥፍ አድርጋችሁ አስቡ። ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ያለው ሰው ግን የታደለ ነው፤ የጠዋቱን ፀሐይ ያገኛል፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ነው።

ኪስ፣ ቱቦ፣ ሃይላንድ ወይስ መደርደሪያ?

የጨርቅ ኪሱ ሲታይ ያምራል፣ ተጠቅልሎ በታክሲ ይመጣል፣ በአንድ ከሰዓት ተሰቅሎ ያልቃል። ጉድለቱ የሚታየው በኋላ ነው። ጨርቁ በፊቱ ሁሉ ስለሚተነፍስ ካጠጣችሁት ውሃ ብዙው ሥር ሳይደርስ በነፋስ ይሄዳል። ክብደቱንም ሻጩ አይነግራችሁም። ሃያ ኪስ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሊትር ቢይዝ 40 ሊትር አፈር ነው፤ ሲርስ ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ በላይ ማለት ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ አብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። መሰርሰሪያው ባዶውን ክፍል ካገኘ ፊሸሩ (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) እዚያው ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። የእኔ አንድ ማዕዘን ከነበሶብላው ሌሊት ላይ ወርዶ ቤተሰቡን ሁሉ ቀሰቀሰ። መስቀል ካለባችሁ የኮንክሪቱን ኮለን (ቋሚውን ምሰሶ) ወይም ቢም (አግዳሚውን) ፈልጉ።

በየስልካችን የሚዘዋወሩት ጫካ የሚመስሉ ግድግዳዎች፣ ለምሳሌ ፈረንሳዊው ፓትሪክ ብላን በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም የሠራው፣ አፈር የሌለባቸው ናቸው። ጨርቁን በቀን ደጋግሞ የሚያረጥብ ፓምፕ ከኋላ አለ። መብራት ግማሽ ቀን በሚጠፋበት ሰፈር ይህንን መኮረጅ ለተክሉ ማዘን ነው የሚያተርፈው።

ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ በአግድም አንዱ በሌላው ላይ ሲሰቀል ከኪሱ ይሻላል። አንድ ሜትሩ ስምንት ሊትር ገደማ አፈር ይይዛል፤ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቀዳዳ ብትከፍቱ ለአንድ ተክል የሚደርሰው ከኪሱ በጥቂቱ ያንሳል፤ ነገር ግን ሥሮቹ አንዱን አፈር ይጋራሉ፣ ፕላስቲኩም አይተነፍስም። በዚያ ላይ አንድ ዘዴ አለው። ማፍሰሻውን ከቱቦው ሥር አትብሱት፤ ጫፉ ላይ ባለው መክደኛ ከታች አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ብሱት። ከዚያ በታች የቀረው ውሃ ለነገ ቀለብ ይሆናል። ዋጋው ግን ከጨርቁ ከፍ ይላል፤ ቱቦው፣ መክደኛው፣ ማቀፊያ ብረቱ ሲደመር ኪስ ይነካል። ለሰላጣና ለእንጆሪ እመርጠዋለሁ፤ ሥሩ ለሚሰፋው ቃሪያ ግን አልሰጠውም።

ሃይላንድ በጎኑ ቀዶ በገመድ መደርደር ወጪው ከምንም የሚቆጠር ነው፤ ለልጆች ትምህርትም ጥሩ ነው። የሁለት ሊትሩ ጠርሙስ ሲቀደድ የሚይዘው አፈር ግን ትንሽ ነው። ፕላስቲኩ ብርሃን ስለሚያሳልፍም ውስጡ አረንጓዴ ያበቅላል። ቀለም ካልቀባችሁት ወይም በጨርቅ ካልጠቀለላችሁት በሦስት ወር ትሰለቹታላችሁ።

አሁን በረንዳዬ ላይ ያለው አራተኛው ነው፤ እውነቱን ለመናገር የግድግዳ አትክልት ሊባልም የሚገባው አይመስለኝም። ብየዳ ቤት ሄጄ ከቱቦላሬ አራት እርከን ያለው፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ አሠራሁ። በየእርከኑ አምስት አምስት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አፋቸው ተቆርጦ ተደርድረዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ወለሉ ነው፤ ፊሸር የለ፣ ሌሊት መውደቅ የለ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ስላራቅሁት ቀለሙ አልተላጠም፣ ሻጋታም አላወጣም። አንዱ ጀሪካን ቢታመም ብቻውን ይነሳል፤ ኪሱ ላይ ግን አንዱን ለመንቀል ሦስቱን ማፍሰስ ነበረብኝ። ለብየዳው የከፈልኩት ከጨርቁ ዋጋ በብዙ ይበልጣል፤ የዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር ብጽፍ ዋጋ የለውም። ነገር ግን ተከራይ ከሆናችሁ ይህንን አስቡበት፦ መደርደሪያ ቤት ስትለቁ ተጭኖ ይሄዳል፣ የአከራዩም ግድግዳ አይበሳም።

በየትኛውም ውስጥ የምትሞሉት አፈር ላይ አትሳቱ። የከተማችን ጥቁር አፈር እርሻ ላይ ጎበዝ ነው፤ ኪስና ቱቦ ውስጥ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቅና ከዳር ዳሩ ይለቃል። ውሃ ስታፈሱበት በስንጥቁ ሽው ብሎ ከታች ይወጣል፤ እናንተ ያጠጣችሁ ይመስላችኋል፣ ጣታችሁን ብትከቱ ግን መሐሉ ዱቄት ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ግንበኞች ቀይ አሽ የሚሉትን ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ፈጭታችሁ ቀላቅሉ። ድንጋዩ ውሃም አየርም ይይዛል፣ ክብደቱም ቀላል ነው።

ውሃውን እንዴት?

በጣሳ ማጠጣት ነውር የለውም። ሃያ ተክል አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የታመመ ቅጠልም የሚታየው ያኔ ነው። የሰላጣ ማጠቢያና የሩዝ እጥበት ውሃ በደንብ ያገለግላል፤ ሳሙና የነካውንና ጨው ያለበትን ግን አትጠቀሙ። የጣሳ ችግር አንድ ነው፤ እጅ ይቸኩላል። የቸኮለ ውሃ ደግሞ ወደ ታች ቤት ይወርዳል። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናት አንድ የኅዳር ጠዋት በረንዳቸው ላይ በርበሬ አስጥተው ነበር። የእኔ ጠብታ ጭቃ ይዞ እላዩ ላይ ወረደ። ደጃፌን አንኳኩተው «ልጄ፣ ዝናብ በኅዳር የሚጥለው ከእናንተ ቤት ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ። በማግስቱ ከታችኛው እርከን ሥር የሚዘረጋ የቆርቆሮ ገበታ አስቀጠቀጥኩ። የትኛውንም ዓይነት ብትገዙ ማጠራቀሚያ ገበታውን አብራችሁ ግዙ፤ የተጠራቀመውም ተመልሶ ይጠጣል።

ባልዲና ጠብታ ሁለተኛው መንገድ ነው፤ መብራት አይጠይቅም። ባልዲውን ከፍ አድርጋችሁ ሰቅላችሁ ቀጭን ጎማ ታወርዳላችሁ። ብዙ ሰው የሚስተው ግፊቱን ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት የአንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) አሥረኛ ብቻ ነው፤ ለእርሻ የሚሸጡት ማንጠባጠቢያዎች ግን ብዙውን ጊዜ የተሠሩት ለአንድ ባር አካባቢ ነው። ግፊት እኩል አድርጎ የሚያከፋፍል የሚባለው ውድ ዓይነት በባልዲ ጭራሽ በትክክል አይሠራም፤ ተራውን ግዙ። ሌላም አለ፦ ባልዲው ከላይኛው እርከን በግማሽ ሜትር፣ ከታችኛው በሁለት ሜትር ከፍ ካለ፣ የታችኛው ተክል የላይኛውን እጥፍ ይጠጣል። ከላይ የሚንጠፈጠፈው ሲጨመርበት ታች ረግረግ፣ ላይ በረሃ ይሆናል። እኔ ለየእርከኑ መቆጣጠሪያ ቧንቧ አድርጌ የታቹን አጥብቤዋለሁ። ድርቅ የሚችሉትን ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ከላይ፣ ውሃ ወዳዱን ናና ከታች ማስቀመጥም ግማሹን ሥራ ይሠራል። ውሃ ከጠፋበት ሲመለስ ደለል ይዞ ስለሚመጣ ባልዲው አፍ ላይ ያረጀ የናይለን ካልሲ እሰሩበት፤ አለበለዚያ ጠብታው በሳምንት ይደፈናል።

ለጥቂት ተክል ብቻ ከሆነ ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ድንቅ ነው። ማጥበቂያዋን በጣት እያዞሩ ጠብታ መቁጠር ይቻላል። ማሸጊያው ላይ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ካለ፣ በደቂቃ 20 ጠብታ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ለሃያ ተክል ግን ሃያ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ያኔ በረንዳው ዎርድ ይመስላል።

የጥጥ ክር ደግሞ ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ነው። አንዱ ጫፍ ውሃ በተሞላ ሃይላንድ፣ ሌላው አፈር ውስጥ ይቀበራል። ክሩ ውሃ የሚስበው ጥቂት ጣቶች ያህል ከፍታ ብቻ ስለሆነ ሃይላንዱ ከተክሉ ጎን ይቀመጥ፣ ወደ ታች በጣም ዝቅ አይበል።

ፓምፕ በሰዓቱ ከሚከፍትና ከሚዘጋ መቆጣጠሪያ (ታይመር) ጋር ለማን? ግቢ ውስጥ ሮቶ ላለው፣ መብራቱም ለሚታመን፣ ግድግዳውም ከሦስት ካሬ ሜትር ለሚበልጥ ሰው። ለእኔ ቢጤ ግን ባትሪ የሚበላውና ቧንቧ ላይ የሚገጠመው መቆጣጠሪያ ብቻውን ከባልዲው ጋር ይበቃል። ስትገዙ ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንዱ የቧንቧ ግፊት ካላገኘ የማይከፈት ነው፤ ከባልዲ ጋር ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ሌላው ውስጡ የምትዞር ኳስ ያለችበት ሲሆን ያለ ግፊትም ያሳልፋል። ሳጥናቸው ይመሳሰላል፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ አይለያቸውም። ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ከፍታችሁ በአፋችሁ ቀስ ብላችሁ እፍ በሉበት። ትንፋሻችሁ በቀላሉ በወዲያኛው በኩል ከወጣ ለባልዲ ይሆናል፤ ጉንጫችሁን ካስነፋችሁ መልሱለት።