ከቤት ለብሶ መውጣት ወይስ እዚያ መቀየር?

የ13 ዓመቱ ልጄ ለአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን ፊልም) ወዳጆች ዝግጅት የሴት ገጸ ባሕርይ ሆኖ መቅረብ ፈለገ። ዊግ፣ ቀሚስ፣ የካርቶን ሰይፍ። ኮስፕሌይ ይሉታል። ይልበስ አይልበስ ብዬ አልተጨነቅኩም። በጃፓኑ ካቡኪ ቲያትር የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው፤ ታካራዙካ በሚባለው የሴቶች ብቻ የቲያትር ቡድን ደግሞ የወንዱንም ሚና ሴቶች ይዘውታል። ያስጨነቀኝ የት ይልበስ የሚለው ነው።

ከቤት ለብሶ ቢወጣ ደስታው ሙሉ ነው። መስታወት ፊት ዊጉን እኔው አበጥርለታለሁ። ግን ከአራት ኪሎ ፒያሳ በሚኒባስ? ረዳቱ አንድ ነገር ሳይል አያልፍም። ወንበር ጠባብ ነው፣ ሰይፉም ይታጠፋል። ኮንትራት ታክሲ ይገላግላል፤ ኪስ ግን ይጎዳል።

በቦርሳ ይዞ እዚያ መቀየር ሰላም አለው። ችግሩ ወረፋው ነው። ሽንት ቤት ውስጥ ዊግ ማስተካከል ደግሞ አበሳ ነው፤ መቀየሪያ ክፍል መኖሩን ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላሁ። ልጄ ግን "እማዬ፣ የምደበቅ አስመሰልሽኝ" አለኝ። ይህቺ አመመችኝ። ተስማማን፦ ሲሄድ በቦርሳ፣ ሲመለስ ለብሶ፣ እኔ አጠገቡ፣ በኮንትራት።

አክስቱ በር ላይ አየችው። "ቀሚሱ አጥሯል" ብቻ አለች።